የሰፈር ጎርፍ ቦይና የጥላ ዛፍ በድሬዳዋ፦ ከልኬት እስከ በጀት፣ ከበጀት እስከ ጥገና

ይህ መመሪያ ለሰፈር ኮሚቴ አባላት፣ ለቀበሌ ባለሙያዎችና በከተማ ጽዳትና ውበት ለተደራጁ ወጣቶች ነው። «ቦይ ይሠራልን፣ ዛፍ ይተከልልን» የሚል ማመልከቻ ከየሰፈሩ በየዓመቱ ይገባል። አብዛኛው በጀት ሳያገኝ ይቀራል። በጀት ካገኘውም ብዙው በሁለተኛው ክረምት በአሸዋ ይደፈናል፤ ችግኙ ደግሞ ጥር ሳይደርስ ይደርቃል። ምክንያቱ ሁልጊዜ የገንዘብ እጥረት አይደለም። ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ሥራው ስለሚጀመር ነው፦ ውሃው መጨረሻው የት ነው? ሥራው ከተረከበ በኋላስ ማን ይጠርጋል፣ ማን ያጠጣል? የሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት የተደረደሩ ናቸው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንያዘው፦ 400 ሜትር ርዝመት ያለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ወደ እሱ ውሃ የሚያፈስስ 3 ሄክታር ሰፈር፣ በሁለቱ ወገን 60 የጥላ ዛፍ።

ከሁሉ በፊት፦ የጊዜ ሰሌዳውን ያዙ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። በግንቦት የሚገባ ማመልከቻ እቅዱ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ነውና «ለሚቀጥለው ዓመት» ተብሎ ይመለሳል። ከልኬት እስከ ችግኝ ተከላ ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ ለነዋሪው ከመጀመሪያው ንገሩት።

- ሐምሌና ነሐሴ፦ ጎርፉን በዓይን ማየት፣ የደረሰበትን ከፍታ ግድግዳ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ፣ ፎቶ ማንሳት።
- መስከረም እስከ ኅዳር፦ ልኬት፣ ንድፍ፣ የዋጋ ግምት።
- ታኅሣሥና ጥር፦ ማቅረብ። የበጀት ጥሪው የሚወጣበትን ቀን በየዓመቱ ከፋይናንስ ቢሮ ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት ቀን አትመኩ።
- በጀቱ ከጸደቀ፣ ሐምሌ እስከ መስከረም፦ ጨረታ።
- ጥቅምት እስከ የካቲት፦ ግንባታ። በድሬዳዋ የበልግ ዝናብ በመጋቢት ስለሚገባ ከየካቲት በኋላ ክፍት ቁፋሮ አታስቀሩ።
- ቀጣዩ ሐምሌ፦ ተከላ።

ደረጃ 1፦ መውጫውን ፈልጉ

ንድፍ የሚጀመረው ከላይኛው ጫፍ ሳይሆን ከታችኛው ነው። መንገዱን እስከ መጨረሻው በእግራችሁ ውረዱና ውሃው የሚደርስበትን ቦታ ቁሙበት። ሦስት ነገር ይገጥማችኋል።

*ነባር ቦይ ካለ፦* ወርዱንና ጥልቀቱን ለኩ፣ አሁን ምን ያህሉ በደለል እንደተያዘ ጻፉ። የእናንተ ቦይ 60 በ60 ሆኖ የሚገባበት 40 በ40 ከሆነ ጎርፉን ከደጃችሁ ወደ ጎረቤት ደጅ ማዛወራችሁ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት በታችኛው ሰፈር አቤቱታ ይቆማል፤ መቆሙም ተገቢ ነው።

*ወደ ደቻቱ ወይም ወደ ሌላ አሸዋማ ወንዝ የሚወጣ ከሆነ፦* የቦዩን ወለል ከወንዙ ወለል ጋር እኩል አታድርጉ። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደንገጎና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ ከዘነበ ወንዙ ይሞላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከ250 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ የመጣው እንዲሁ ከላይ ከጣለ ዝናብ ነው። ወንዙ ሲሞላ ውሃው በቦያችሁ ወደ ሰፈር ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ መውጫውን ግድግዳው ላይ ካደረጋችሁት የጎርፍ ምልክት በላይ አንሱት። ካልተቻለ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት የብረት ክዳን ግጠሙበት፣ ማጠፊያውንም በዓመት ሁለቴ ግሪስ ቀቡ። ከመውጫው ሥር ቢያንስ 3 ሜትር የጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ንጣፍ ይዘርጋ፤ ሽቦው ቀዳዳው 8 በ10 ሳ.ሜ. ከሆነ ድንጋዩ ከ15 እስከ 30 ሳ.ሜ. ይሁን። ያለ ንጣፍ የተተወ መውጫ ሥሩ በአንድ ክረምት ይቦረቦራል፣ ግንቡም ከጫፉ ጀምሮ ይሰበራል።

*መውጫ ከሌለ፦* ቦይ አትጀምሩ። በምትኩ ዝቅ ያለ ክፍት ቦታ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ጥግ ላይ ከ30 ሳ.ሜ. ያልበለጠ ጥልቀት ያለው የውሃ ማቆያ ንደፉ። ውሃው በ48 ሰዓት ውስጥ ሰርጎ ወይም ፈስሶ ማለቅ አለበት። ይህ ቁጥር አይታለፍም፤ ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በከተማ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ በሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ በተባለ ትንኝ የሚተላለፍ የወባ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት።

ደረጃ 2፦ ተዳፋቱን ለኩ

ቀያሽ መቅጠር ከቻላችሁ ቅጠሩ። ካልቻላችሁ ግንበኛ «ውሃ ልክ» የሚለው ቀጭን፣ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ለመጀመሪያ ጥናት ይበቃል። 25 ሜትር ላስቲክ፣ ሜትር የተጻፈባቸው ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶችና አንድ ደብተር ያዙ።

1. ላስቲኩን መሬት ላይ ዘርጉና በአንድ ጫፍ ብቻ ውሃ ሙሉ። በሁለቱም ጫፍ ከሞላችሁ አየር መሐል ይቀራል።
2. ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አስጠጉ። ውሃው በሁለቱም እኩል ካልቆመ ውስጡ አረፋ አለ፤ ላስቲኩን በጣታችሁ እየመታችሁ ከዝቅተኛው ቦታ ወደ ጫፉ ግፉት። እኩል ሳይሆን አንድም ቁጥር አትጻፉ።
3. አንዱ ሰው ከላይ ይቁም፣ ሌላው 20 ሜትር ወርዶ ይቁም። ሲንቀሳቀሱ ሁለቱም ጫፉን በአውራ ጣት ይድፈኑ፤ አለዚያ ውሃው ከታችኛው ጫፍ ይፈስሳል።
4. ሁለቱም ጣታቸውን ያንሱ፣ ውሃው እስኪረጋ ይጠብቁ፣ ከመሬት እስከ ውሃው ያለውን ያንብቡ። ከላይ 112 ሳ.ሜ.፣ ከታች 152 ሳ.ሜ. ከሆነ ልዩነቱ 40 ሳ.ሜ. ነው። 40 ሳ.ሜ. በ20 ሜትር 2 በመቶ ተዳፋት ማለት ነው።
5. የታችኛው ነጥብ ላይ ምስማር ምቱ፣ ከዚያው ቀጥሉ። ለ400 ሜትር 20 ንባብ ይኖራችኋል።

ልኬቱን ማልዳችሁ ጨርሱ። ረፋዱ ሲግል ፀሐይ ያረፈበትና ጥላ ውስጥ ያለው ላስቲክ ውስጥ ያለው ውሃ እኩል አይሞቅም፣ ንባቡም ይዛባል።

*ከተሳሳተ፦* ከታች ወደ ላይ እየለካችሁ ተመለሱ። የሁለቱ ጉዞ ድምር ልዩነት ከ10 ሳ.ሜ. ከበለጠ እንደገና ጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እንጨቱ ድንጋይ ላይ አርፎ የተነበበበት ቦታ ነው።

ደረጃ 3፦ የውሃውን መጠን አስሉ

ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ውሃ የሚያመጣው ቦታ በሄክታር፣ የዝናቡ ኃይል በሚሊ ሜትር በሰዓት፣ ከዘነበው ውስጥ የሚፈሰው ድርሻ። ሦስቱን አባዙና ለ360 አካፍሉ፤ መልሱ ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው።

የሚፈሰው ድርሻ ለቆርቆሮ ጣሪያና ለአስፋልት 0.9፣ ለኮብልስቶን 0.65 ገደማ፣ ለተረገጠ አፈር 0.4 ገደማ፣ ለጓሮ 0.2 ውሰዱ። ቤት የተጠጋጋበት ሰፈር ተደባልቆ 0.6 አካባቢ ይመጣል። የዝናቡን ኃይል ከሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት መረጃ ወይም ከመንገዶች አስተዳደር የፍሳሽ ንድፍ ማንዋል አውጡ፤ ለምሳሌያችን 80 ሚ.ሜ. በሰዓት እንያዝ።

0.6 × 80 × 3 ÷ 360 = 0.4 ሜትር ኩብ በሰከንድ።

አሁን ቦዩን ፈትኑት። ውስጡ 60 በ60 ሳ.ሜ. የሆነ የድንጋይ ግንብ ቦይ ውሃው 45 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ ሲደርስ (ቀሪው 15 ሳ.ሜ. መጠባበቂያ ነው) በ2 በመቶ ተዳፋት 0.48 ሜትር ኩብ በሰከንድ ያህል ያሳልፋል። ይበቃል። በ1 በመቶ ግን 0.34 ብቻ ነው፤ አይበቃም፣ ወርዱን ወደ 80 አስፉት። ደረጃ 2ን በቸልታ ያለፈ ሰው የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው፤ ያው ግንብ፣ ያው ሲሚንቶ፣ የሚሸከመው ውሃ ግን በአንድ ሦስተኛ ያነሰ።

ፍጥነቱን ደግሞ ተመልከቱ። ውሃው ከ0.9 ሜትር በሰከንድ ካነሰ የድሬን አሸዋ አይገፋም፣ ወለሉ ላይ ያስቀምጠዋል። ከ3 ሜትር በሰከንድ ከበለጠ ግንቡን ይልሳል፤ ቁልቁለት በበዛበት ቦታ ወለሉን በየመሐሉ በደረጃ ዝቅ አድርጉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዛፍ ቦይን አይተካም

«አረንጓዴ ሰፈር» በሚል ስም ቦዩን አጥቦ ችግኝ ማብዛት እየተለመደ ነው። ቁጥሩን እዩት። 60 ችግኝ፣ እያንዳንዱ 1.2 በ1.2 ሜትር ስፋትና 15 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ማቆሪያ ቢኖረው በድምሩ የሚይዘው 13 ሜትር ኩብ ያህል ነው። 0.4 ሜትር ኩብ በሰከንድ የሚወርድ ጎርፍ ይህን በግማሽ ደቂቃ ይሞላዋል። ዛፉ የሚተከለው ለጥላ ነው፣ በዚያ ሙቀት ጥላ ትልቅ ነገር ነው። ከመንገዱ የሚወርደው ቀላል ዝናብ ሥሩ እንዲገባ ማድረግም ውሃ ያተርፋል። የጎርፉ ሥራ ግን የቦዩ ነው።

ደረጃ 4፦ ደለልንና ቆሻሻን በንድፉ ውስጥ አስቡ

በድሬዳዋ ቦይ የሚገድሉት ሦስት ናቸው፦ አሸዋ፣ ፌስታልና ገረባ (ከተቃመ ጫት የሚቀረው እንጨት)። ገረባው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ግንዱ ከፌስታል ጋር ሲጠላለፍ እንደ ወንፊት ይሆንና አሸዋውን ያቆመዋል።

- በየ50 ሜትሩ የደለል መያዣ ጉድጓድ ይሠራ፦ 1 ሜትር ርዝመት፣ የቦዩ ወርድ፣ ከቦዩ ወለል 40 ሳ.ሜ. ዝቅ ያለ። ለ400 ሜትር 8 ይሆናሉ።
- የጉድጓዱን ወለል በሲሚንቶ አትድፈኑ። 20 ሳ.ሜ. ጠጠር አድርጉበት፣ ውሃው ሰርጎ ይለቅ። የተለሰነ ጉድጓድ የትንኝ ማሳደጊያ ይሆናል። በ30 ሜትር ውስጥ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ካለ ግን ይህን አታድርጉ፤ ወለሉን ለስኑና ውሃው በትንሽ ትቦ ወደ ቀጣዩ የቦዩ ክፍል እንዲወጣ አድርጉ።
- ክዳኑ መነሳት አለበት። 90 በ50 ሳ.ሜ.፣ 12 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው የብረት ኮንክሪት ክዳን 135 ኪ.ግ. ያህል ይመዝናል፤ አራት ሰው በመንጠቆ ያነሳዋል። ወርዱን ወደ 1 ሜትር ካሳደጋችሁት ማንም አያነሳውም። ባጃጅና መኪና በሚያልፍበት በር ላይ ውፍረቱ 20 ሳ.ሜ. ይሁን።
- ክዳኑን በሲሚንቶ ማጣበቅ ይከልከል፤ ውሉ ላይ በግልጽ ጻፉት። ተቋራጭ ለውበት ብሎ መገናኛውን ይለስነዋል፤ ከዚያ በኋላ ለመጥረግ መሰባበር ይመጣል።

የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ወደ ቦዩ እንዳይገናኝ በልኬቱ ጊዜ እያንዳንዱን የሚወጣ ትቦ ቆጥራችሁ ያዙ። አሁን ሳትይዙት ከቀረ በኋላ ባለቤቱ «ድሮም ነበር» ይላል።

ደረጃ 5፦ ፈቃድና ወረቀት

መሥመሩ ከከተማው መዋቅራዊ ፕላንና ካለ ከአካባቢ ልማት ፕላኑ ጋር እንደማይጋጭ በጽሑፍ አረጋግጡ፤ መሠረቱ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ምን ደረጃ ጥናት እንደሚያስፈልግ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። ትንሽ ሥራ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የውጭ ገንዘብ ያለበት ፕሮጀክት ያለዚህ ደብዳቤ አይከፈትም።

አጥር፣ ደረጃ ወይም ሱቅ የሚነካ ከሆነ ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለ፤ ካሳ ሳይከፈል ቁፋሮ አይጀመርም። ካሳ ከሚያስፈልገው ቤት ይልቅ መሥመሩን ወደ ሌላው ወገን ማዛወር ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ መሥመሮችን ከየመሥሪያ ቤቱ አስጠቁሙ። ካርታ የለም ከተባላችሁ በየ50 ሜትሩ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው የሙከራ ጉድጓድ በእጅ ቆፍሩ። ድንጋይ መኖሩንም የሚነግራችሁ ይኸው ነው፤ ዋጋውን ከምንም በላይ የሚያዛባው አለት ነውና።

ደረጃ 6፦ መጠንና ዋጋ

ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ መጀመሪያ መጠኑን አስቀምጡ፣ ዋጋውን ባቀረባችሁበት ሳምንት ከሦስት ሻጭ ጠይቁ። ለ400 ሜትር ቦይ፣ ግድግዳው 40 ሳ.ሜ.፣ ወለሉ 20 ሳ.ሜ. ውፍረት ሲኖረው፦

- ቁፋሮ፦ 544 ሜትር ኩብ (1.6 ሜትር ወርድ፣ 0.85 ሜትር ጥልቀት)
- የድንጋይ ግንብ፦ 304 ሜትር ኩብ
- ድንጋይ፦ 370 ሜትር ኩብ ያህል
- አሸዋ፦ 120 ሜትር ኩብ ያህል፣ ብክነቱ ታስቦ
- ሲሚንቶ፦ 375 ኩንታል ያህል፣ ማለትም 750 ከረጢት (አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ)

ይህ የግንቡ ብቻ ነው። ክዳን፣ የደለል ጉድጓድ፣ የመውጫ ጋቢዮንና ችግኝ ለየብቻ ይሰላሉ። ለስላሳ መሬት ላይ አንድ ሰው በቀን 1.5 ሜትር ኩብ ይቆፍራል፤ 544ቱ ወደ 363 የሰው ቀን ይሆናል። 30 ሰው ቢሰማራ 12 ቀን ማለት ነው።

ከዚያ የሚረሳው ይመጣል። ቀጥተኛው ወጪ 100 ብር ከሆነ 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 110፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 126.50 ብር ይሆናል። ማመልከቻው ላይ 100ን የጻፈ ኮሚቴ ሥራው አራት አምስተኛ ሳይሞላ ገንዘቡ ያልቅበታል። በግማሽ የቆመ ቦይ ደግሞ ከሌለ ቦይ ይብሳል፤ ውሃውን ሰብስቦ መሐል ሰፈር ይለቀዋል።

*ገንዘቡ ካልበቃ፦* ወርዱን አትቀንሱ። ርዝመቱን ቀንሱና ከታችኛው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ ሥሩ። በሚቀጥለው ዓመት ከቆመበት ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ የትኛው ኪስ ለየትኛው ወጪ

ሁሉን ከአንድ ምንጭ መጠየቅ ዋናው ስህተት ነው። እያንዳንዱ ምንጭ የሚከፍለውና የማይከፍለው አለ።

*የአስተዳደሩ የካፒታል በጀት።* ግንቡን የሚሸከመው ይህ ነው። በሩ የከተማው ተንከባላይ (በየዓመቱ የሚታደስ) የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት እቅድ ነው፤ እዚያ ያልገባ ሥራ በቃል ኪዳን አይገባም። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ117 ከተሞች የተሠራበት የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ከተሞችን ይህን እቅድና የንብረት አስተዳደር እቅድ እንዲያዘጋጁ ያስገድድ ነበር፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹ ቅጹን ያውቁታል። ሥራችሁን በእነሱ ቅጽ ላይ ሞልታችሁ ብትሄዱ ጉዳያችሁ በፍጥነት ይታያል።

*የከተማ ሴፍቲኔት።* ድሬዳዋና ሐረር ፕሮግራሙ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች ውስጥ ነበሩ። የአካባቢ ልማት ሥራው ጉልበት ይሰጣል፦ የቦይ ጠረጋ፣ የችግኝ ጉድጓድ፣ ውሃ ማጠጣት። ሲሚንቶና ግንበኛ ግን አትጠብቁበት። ሥራው ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት በቀበሌው የሥራ እቅድ ውስጥ መግባት አለበት፤ መሐል ላይ «ሰው ላኩልን» ማለት አይሠራም።

*ነዋሪው።* ከነዋሪ ገንዘብ ለግንብ አትሰብስቡ፣ ለጥገና ሰብስቡ። ለግንብ የተሰበሰበው ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ከዘገየም ሰውን ያስኮርፋል። ገንዘቡ በሕጋዊ ደረሰኝ ይሰብሰብ፣ በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ገቢና ወጪው በየወሩ በሰፈሩ ሱቅ ወይም በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን በር ይለጠፍ። የእድር ገንዘብ አትንኩ። ለሐዘን ቀን የተቀመጠ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነካ ኮሚቴው ዳግመኛ አይታመንም።

*ፋብሪካዎችና ነጋዴዎች።* ብር ሳይሆን ዕቃ ጠይቁ፣ ቁጥር ይዛችሁ ጠይቁ። «ድጋፍ አድርጉልን» ከሚል ደብዳቤ «750 ከረጢት ሲሚንቶ ያስፈልጋል፣ ከእናንተ 100 እንጠይቃለን» የሚለው መልስ ያገኛል። የገባው ዕቃ በቀበሌው ንብረት ክፍል በሞዴል (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይመዝገብ።

*የአየር ንብረት ፈንዶች።* ከሰፈር በቀጥታ አይኬድባቸውም። የአረንጓዴው የአየር ንብረት ፈንድ ገንዘብ በአገር ውስጥ የሚያልፈው ዕውቅና ባለው ተቋም፣ በእኛ ሁኔታ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ነው። የእናንተ ድርሻ ልኬታችሁን ለአስተዳደሩ ሰጥቶ በትልቁ ሰነድ ውስጥ ማስገባት ነው። ለእነሱ ማመልከቻ በመጻፍ ወራት አታባክኑ።

ደረጃ 8፦ አምስት ገጽ ሰነድ

ከዚህ አታርዝሙት። ገጽ 1 ችግሩ በቁጥር፦ ስንት ቤት ውሃ ገባበት፣ ግድግዳ ላይ ስንት ሳ.ሜ. ደረሰ። ገጽ 2 ካርታና የመውጫው ፎቶ። ገጽ 3 ስሌቱና የቦዩ ቁራጭ ንድፍ። ገጽ 4 መጠን፣ ዋጋ፣ ማን ምን እንደሚከፍል። ገጽ 5 ጥገና፦ የኃላፊዎች ስም፣ ወር፣ ወጪ፣ ፊርማ። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚገልጠው አምስተኛውን ገጽ ነው፤ ያለ እሱ የቀረበ ሰነድ እንደ ልመና ይታያል። አባሪው የደረጃ 5 ደብዳቤዎች ናቸው። ካስገባችሁ በኋላ የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ፤ ቁጥር የሌለው ሰነድ አልገባም።

ደረጃ 9፦ ግንባታውን መቆጣጠር

ጨረታው የመሥሪያ ቤቱ ነው። እናንተ የውሉን ቅጂ ጠይቁ፦ ቅድሚያ ክፍያው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ የውል ማስከበሪያ መኖሩን፣ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት መያዙን እዩ። ከዚያ ሜዳ ላይ፦

1. ወለሉ ከመገንባቱ በፊት ቁልቁለቱን በውሃ ልክ ራሳችሁ ለኩ። ግንቡ ካለቀ በኋላ የሚታረም ተዳፋት የለም።
2. አሸዋውን ፈትኑ። በግልጽ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከላይ ውሃ ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁና ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከአሸዋው ከፍታ ከ6 በመቶ ከበለጠ መልሱት። ከወንዝ የሚመጣ አሸዋ ብዙ ጊዜ በዚህ ይወድቃል።
3. የሲሚንቶ ሥራ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ይሠራ፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲያ። በቀትር የተገነባ ግንብ ውሃው ቶሎ ይተንናል፣ ልስኑ በጣት ሲነካ እንደ አሸዋ ይረግፋል።
4. ግንቡ ለ7 ቀን በቀን ሦስቴ ውሃ ይጠጣ፣ በጆንያ ይሸፈን።
5. የውሃ በርሜሎችና የማቆሪያ ጉድጓዶች በጥብቅ ይከደኑ። የወባ ትንኟ ከሁሉ የምትወደው የግንባታ ውሃ ነው።

*ተቋራጩ ሥራ ካቆመ፦* በስልክ አትጨቃጨቁ። ፎቶ ከነቀኑ አንሱ፣ በደብዳቤ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት አስገቡ፣ ቅጂውን ያዙ። ክፍያ የሚያዘው በወረቀት ነው።

ርክክቡ ላይ 20 በርሜል ውሃ ከላይኛው ጫፍ አፍስሱና ተከትላችሁ ውረዱ። ወለሉ ላይ ቆሞ የሚቀር ኩሬ ካለ አትፈርሙ።

ደረጃ 10፦ ችግኙ

ኒም ሙቀቱንና ድርቁን ይችላል። የድሬዳዋ ዛፍ ሰፊ ጥላ አለው፣ ግን ከመብራት ሽቦ ሥር አይተከልም። ቁርቁራና ግራርም የአገሩ ናቸው፤ እሾሃቸው ስላለ ሕፃናት ከሚጫወቱበት ራቅ ይደረጉ። ፕሮሶፒስን በምንም ምክንያት አትትከሉ፤ ቶሎ ይለመልማል፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አያጠፋውም።

ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳ.ሜ. ሆኖ በግንቦት ይቆፈር፣ ከቦዩ ግንብ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቅ፣ ችግኝ ከችግኝ ከ6 እስከ 8 ሜትር ይራራቅ። ላስቲኩ ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። በዘመቻ ተከላ ላይ ችግኙ ከነላስቲኩ ይቀበራል፤ ሥሩ ውስጥ ተጠምዝዞ በሁለተኛው ዓመት ይሞታል። የፍየል መከላከያ አጥሩ 1.5 ሜትር ይሁን፣ በዚያው ቀን ይደረግ። ነገ ከተባለ ሌሊቱን ይበላል።

ደረጃ 11፦ ውሃና ጠረጋ

በበጋ አንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ይፈልጋል። ለ60 ችግኝ በሳምንት 120 ጀሪካን ነው። ይህን ቁጥር ጮክ ብላችሁ ስብሰባ ላይ ተናገሩ፣ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካልተገኘ ችግኙን ወደ 30 አውርዱ። ከ60 የደረቀ 30 የለመለመ ይሻላል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ችግኝ ለፊት ለፊቱ ቤት ይመዝገብ፣ ቁጥር ይለጠፍበት፤ ፊት ለፊት ቤት የሌለው በሴፍቲኔት ይያዝ። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ይሆናል፣ በረኪና ያለበት ግን አይሆንም። በጠብታ መስኖ የምትሞክሩ ከሆነ የድሬ ውሃ ጠንካራ መሆኑን አትርሱ፤ በጀበና ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት የላስቲኩንም ቀዳዳ ይደፍናል። በየሁለት ወሩ ጫፉን ከፍታችሁ አጥቡ።

ጠረጋው በዓመት ሁለት ቋሚ ቀን አለው፦ የካቲት መጨረሻና ሰኔ አጋማሽ። ከዚያ በተጨማሪ ከትልቅ ዝናብ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ። ስምንቱ የደለል ጉድጓዶች ሙሉ ቢሆኑ የሚወጣው 2 ሜትር ኩብ ያህል፣ ወደ 32 የእጅ ጋሪ ነው። የወጣውን ከቦዩ ዳር አትከምሩት፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ለግንባታም አይሸጥ፣ ቆሻሻ አለበት፤ ለመሬት መሙያ ይዋል።

በየክረምቱ አንድ ሰው በዝናብ ሰዓት መንገዱን ይዞር፣ ውሃው ከቦዩ የወጣበትን ቦታ ግድግዳው ላይ በቀለም ያመልክት። የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ የሚነሳው ከዚያ ምልክት ነው።